በፖስታ የታከመው ካርድ

ጥር 9

ለወንድሜ ለብሎን፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ራስ ምታት እንኳ እንዳይነካህ ፈጣሪን እየለመንኩ ነው የምጽፍልህ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ቀኙን ታውቀዋለህ፤ ግራውም አሁን የእሱን መንገድ ይዟል። ብትደውልልኝ ድምፅህን እሰማለሁ፣ ቃልህን ግን አልለይም። ስለዚህ አትደውል።

ብሎን ብዬ በመጀመሬ እንዳትቀየመኝ። አምሳ ሊሞላህ ምን ቀረህ፤ ግን ሁለቱ እህትማማቾች እናቶቻችን ከወለዷቸው ልጆች የቀረነው እኔና አንተ ብቻ ነን፣ በዚህ ስም የሚጠራህም ከእኔ ሌላ የለም። ኪስህን ብሎን ሞልተህ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ስትፈታ ያደግክ ልጅ ሌላ ምን ትባላለህ?

በወረቀት መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ኢሜይሌ ያለው ሱቅ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ታሟል። ወደ ውጭ አገር ከመሄድህ በፊት በእጅህ የገጣጠምክልኝ ያው ራሱ ነው። ማክሰኞ ለምሳ ስወጣ «አፕዴት ላይ ነኝ፣ አታጥፉኝ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። አላጠፋሁትም። ስመለስ ራሱን አጥፍቶ አበራ፣ አርማው ታየ፣ ከዚያ ጨለመ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ትንሿ መብራት ትበራለች፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። አንዳንዴ ደስ ሲለው ከላይ እስከ ታች ቀያይ መስመር ያሰምርና መልሶ ይጨልማል።

የሰፈሩን ጠጋኝ ጠራሁት። ሰዉ «ዶክተር» ይለዋል፤ ያዳነውን ግን እስካሁን አላየሁም። ደፉን ሳይሻገር ነው የፈረደው።

«ግራፊክስ ካርዱ ሞቷል።»

«ሳትከፍተው እንዴት አወቅህ?»

«እትዬ፣ ስንቱን ቀብሬ መጥቼ።»

ሥዕሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው ያ ወፍራም ካርድ መሆኑን ከአንተ ስለሰማሁ ገባኝ፤ ግን አላመንኩትም። ፎቶ ኮፒው ለብቻው ይሠራል። ያረጁ ፎቶዎችን ማደስ ግን ያለ ኮምፒውተሩ አይሆንም፣ የእኔ ሥራ ደግሞ እሱ ነው። ሦስት ሰዎች ፎቷቸውን እየጠበቁ ናቸው።

ካልተቸገርክ ምን ላድርግ በለኝ። ካልተመቸህም ግድ የለም፣ ደህና መሆንህን ብቻ አሳውቀኝ። የመጨረሻው መልእክትህ ከደረሰኝ አሥራ አራት ወር ሆኖታል።

እህትህ


ጥር 30

ለእትዬ፣

ጤናሽን ያብዛው፣ ጆሮሽንም ባለበት ያቁምልሽ። እኔ አለሁ።

የፖስታ ሣጥኔን የምከፍተው የመብራትና የውሃ ወረቀት ለመሰብሰብ ነው። የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ከእኛ ሌላ የሚሞት እንደሌለን ትዝ አለኝና ተረጋግቼ ከፈትኩት።

ዶክተራችሁን አትስሚው። ጠዋት ደህና የነበረ ካርድ ልክ አፕዴቱ በመጣበት ሰዓት ሞተ ቢሉሽ፣ መጠርጠር ያለበት አፕዴቱ ነው። ቢሆንም ከቀላሉ እንጀምር። ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ። የሳጥኑን ብረት በባዶ እጅሽ ያዝ አድርጊው፣ በሰውነትሽ ያለው ኤሌክትሪክ ይውጣ። የጎኑን ሽፋን ፍቺ። ካርዱ ጫፉ ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለችው፣ እሷን ተጭነሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለሽ እሺ፣ ፍርፋሪውን እፍ በይው፣ ከዚያ መልሰሽ ክተቺው። ሲገባ ቀጭ ይላል። ባትሰሚው እንኳ በጣትሽ ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ አድርጊ፣ ከዚያ ያየሽውን ጻፊልኝ፣ ቀጣዩን እነግርሻለሁ። ሁለት ነገር አብሮ የሚነካ ሰው የቱ እንዳዳነው አያውቅም። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሥራው እንዲህ ነው።

ለአሥራ አራቱ ወር የምለው የለኝም። ሥራ ብዬ ነበር የምጽፈው፣ አሁን ግን ያን ቃል መጻፍ አሳፈረኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 16

ለወንድሜ ለብሎን፣

እግርህ የረገጠው ደረጃ ሁሉ ይጽናልህ። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ።

ያልከኝን አደረግሁ። መጀመሪያ ግን ከሳጥኑ የወጣውን አቧራ ብታየው። ትራስ ይሞላል። ስድስት ዓመት ሙሉ የዚህን መንገድ አቧራ ሲበላ ኖሮ አንድ ቀን አላስነጠሰም። ካርዱን ስስበው ጥርስ የምነቅል መሰለኝ። በላጲስ አሸሁት። ወርቁ ብልጭ አለ። ስመልሰው ቀጭታውን በጣቴ አወቅሁት፣ እንዳልከው።

ቀያዩ መስመር ጠፋ። ስክሪኑ ግን አርማውን አሳይቶ አሁንም ይጨልማል። ሌላ ምንም አልነካሁም፣ አደራህን ጠብቄያለሁ።

ኮምፒውተር የተማርኩት ከቅርጫት መሆኑን ነግሬህ አውቃለሁ? ተማሪዎች ኮፒ ሲያስደርጉ የተበላሸባቸውን ገጽ ጥለው ይሄዳሉ፣ እኔ ማታ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት አንሥቼ አነባለሁ። ገጽ አርባ ሁለትን አውቃለሁ፣ አርባ ሦስትን ግን ማንም አላበላሸልኝም። ስለ ካርዱ እስካሁን ያገኘሁት ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። የአንተ ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የደረሰኝ የመጀመሪያው ትምህርቴ ነው።

ፎቷቸውን ከሚጠብቁት አንዱ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ በየቀኑ ይመጣል። የወጣትነት ፎቶውን እያደስኩለት ነበር።

«ሽበት ይኖረኛል እንዴ እዚያ ላይ?» ይለኛል።

«አባባ፣ ያኔ ሃያ አምስትዎ ነበር።»

«አይታወቅም። ይሄ ማሽንሽ ከጨለመ ወዲህ ምን እንዳበቀለብኝ።»

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምትኖርበትን ክፍል አንድ ቀን ነግረኸኝ አታውቅም። መስኮትህ ወዴት ያያል?

እህትህ


የካቲት 30

እትዬ፣

ቀንሽ ይባረክ፣ ደንበኛም አይጥፋብሽ።

መስኮቴ ግድግዳ ነው የሚያየው። የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ፣ ክንዴን ብዘረጋ ልነካው ምንም አይቀረኝም። መሐሉን ይዞ አንድ ቧንቧ ይወርዳል። ዝናብ ሲሆን ቧንቧው ያንጎራጉራል፣ ያን ቀን ክፍሌ ውስጥ ሁለት የሆንን ይመስለኛል። አልጋ አለኝ፣ ጠረጴዛ አለኝ፣ ወንበሮቼ ሁለት ናቸው። ሁለተኛው ላይ ጃኬቴን አስቀምጣለሁ። እኔ ባለሁበት ፎቅ የምትኖር ሴት አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ «ዛሬ ይዘንባል» ትለኛለች። ባይዘንብም ትለኛለች። እኔም «ሳይዘንብ አይቀርም» እላታለሁ።

አሁን ወደ በሽተኛችን። መስመሩ መጥፋቱ ጥሩ ነው፤ ጥርሱ ቆሽሾ ነበር ማለት ነው። ጨለማው ግን ሌላ ነው፣ የኔ ግምት ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ማለት በሲስተሙና በካርዱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። አፕዴቱ የድሮውን አስተርጓሚ አባሮ የካርዱን ቋንቋ የማይችል አዲስ ሰው ቀጠረ ብለሽ አስቢው። ሁለቱ ይነጋገራሉ፣ አይግባቡም፣ አንቺ ጨለማ ታያለሽ።

ስለዚህ ያለ አስተርጓሚ እናስነሣው። አብሪውና አርማው ሲታይ ማብሪያውን ተጭነሽ ይዘሽ አጥፊው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጊ። በአራተኛው ምርጫ ያለው ገጽ ያመጣልሻል። ከዚያ ሴፍ ሞድ የሚለውን ፈልገሽ ግቢ። ሁሉም ነገር ትልልቅና አስቀያሚ ሆኖ ይከፈታል፣ አትደንግጪ። የዕቃዎቹን ዝርዝር ክፈቺ፣ የካርዱን ስም አግኚ፣ ድራይቨሩን «ወደ ቀድሞው መልስ» የሚለውን ንኪ። ሂደቱን ለብቻው በሌላ ወረቀት በተራ ጽፌ አያይዤልሻለሁ።

ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ባልደረባዬ አየኝ። በጣም ረጅም ስለሆነ ረጅሙ ነው የምንለው።

«በእጅ የተጻፈ? የፍርድ ቤት ነው?»

«የኮምፒውተር ጥገና ነው» አልኩት።

ስነግረው ሳቀብኝ። አሁን ግን በየጠዋቱ «በሽተኛዋ እንዴት አደረች?» ይለኛል። እስከ ቀጣዩ ደብዳቤሽ ድረስ ሕክምና ላይ ነች እለዋለሁ። ባይሳካ አትዘኚ፣ ጻፊልኝ።

ብሎን


መጋቢት 18

ወንድም ዓለም፣

ዝናቡም ፀሐዩም በልክ ይሁንልህ። ቧንቧህን ሰላም በልልኝ።

ያዘዝከኝን ሁሉ በተራው አደረግሁ። እንዳሰብነው አልሆነም። ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ንገረኝ።

ሱቁ ፊት ያለውን መንገድ ለውሃ ቧንቧ ብለው ቆፍረውታል። ጉድጓዱ ላይ አንድ ጣውላ ጣል አድርገው ሄዱ። ደንበኞቼ እጃቸውን እንደ ወፍ ዘርግተው ነው የሚሻገሩት። ጡረተኛው ሾፌር «ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቼ አንድ ጣውላ ታሸንፈኝ?» ብሎ ሲሻገር ባርኔጣው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ቆፋሪዎቹ ሲያወጡለት «ፎቶው ላይ ባርኔጣ ጨምሪልኝ፣ ይሄ አለቀለት» አለኝ። ብትኖር ትስቅ ነበር።

ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ከዚህ ሆኜ ከመንገዱ ማዶ የሚሠራውን የጫማ ጠጋኝ እጅ ብቻ አያለሁ፣ ፊቱን ምሰሶ ጋርዶታል። እጁ ሲቆም ደንበኛ እንደመጣለት አውቃለሁ። አንተስ ምሳህን ከማን ጋር ነው የምትበላው? ያ ረጅሙ የምትሉት ቤተሰብ አለው? ሁለተኛው ወንበርህ ላይ ሰው ተቀምጦ ያውቃል?

እህትህ


ሚያዝያ 5

እትዬ፣

ካለሽበት ክፉ ነገር ይራቅ፣ ጣውላዋም ትጽናላችሁ።

ጭንቅላቴን አሳከከኝ። ድራይቨሩ ተመልሶ አሁንም ከጨለመ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ ምሳ ላይ ለረጅሙ ነገርኩት፣ ለረጅሙ መንገር ደግሞ ለሁሉም መንገር ነው። ስምንት ሰዎች ምሳቸውን ትተው ተከራከሩ። አንዱ ኬብሉ ነው አለ፣ አንዱ ኤሌክትሪኩን የሚያድለው ፓወር ሳፕላይ ነው አለ። ረጅሙ ሶፍት ላይ የማዘርቦርድ ሥዕል ሥሎ እያሳየ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፈ። በቀን መቶ ካርድ በእጃችን ያልፋል፣ እንዲህ የተጨነቅንለት ግን የለም። አሁን በስሜ መጥራት ትተው «ሐኪሙ» ይሉኛል።

ቀጣዩ እርምጃ ይኸው። ካርዱን ጨርሶ አውጪውና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። የስክሪኑን ኬብል ከኋላ ከፍ ብሎ ባለው፣ ከማዘርቦርዱ ጋር በተያያዘው ሶኬት ላይ ሰኪ። ሥዕል ከመጣ ጥፋተኛው ካርዱ ነው። ካልመጣ ግን ችግሩ ወደ ዋናው ሰሌዳ ወደ ማዘርቦርዱ ወርዷል፣ ያኔ ሌላ ጨዋታ ነው።

ረጅሙ ቤተሰብ ነበረው። የአሁኑን አልጠየቅሁትም። ወንበሬ ላይ ጃኬቴ እንዳለ ነው።

ይህን ስጽፍ ሰባተኛው ገጽ ሞላ። እዚህ ከመጣሁ ሰባት ገጽ ጽፌ አላውቅም። ስለ ሳጥኑ ሦስቱን ገጽ ብትዘዪው ምንም አይቀርብሽም፣ የቀረውን ግን አንብቢው።

ብሎን


ሚያዝያ 24

ወንድም ዓለም፣

ወገን አያሳጣህ፣ ሰባት ገጽህንም ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የሳጥኑንም አልዘለልኩም።

ኬብሉን ባልከኝ ቦታ ሰካሁ። ጨለማ ነው።

ጉድጓዱን ደፍነውታል፣ ጣውላውን ግን ሰው ለምዶት አሁንም በላዩ ላይ ይሄዳል። ጫማ ጠጋኙ ሰሞኑን አልታየም፤ ምሰሶው ብቻ ቀርቷል።

በቀን መቶ ካርድ በእጃችን ያልፋል ብለኸኛል። እሠራበታለሁ ባልከኝ ጥገና ቤት የጠገንካቸውን ማን ነው የሚወስዳቸው? ባለቤቶቹን ታገኛቸዋለህ? የእኔ ደንበኞች ፎቷቸውን ሲቀበሉ ፊታቸውን ማየት እወዳለሁ። አንተም እንዲህ ያለ ፊት የምታይ ከሆነ ደስ ይለኛል።

እህትህ


ግንቦት 28

እትዬ፣

ዕድሜ ይስጥሽ፣ ለእኔም የሚታገሥ ልብ ይጨምርልሽ። የዘገየሁት ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ቀርቶ አይደለም። ደርሶኝ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ቀላል ነገር ነበር የጠየቅሽኝ። እኔ ግን የዚያን መልስ ስሸሽ ነው የኖርኩት።

እኔ አልጠግንም። የመጀመሪያውን ዓመት እጠግን ነበር፣ ያኔ የነገርኩሽ እውነት ነበር። ከዚያ ጥገና ቤቱ ተዘጋ። አሁን የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ሰው የጣላቸው ኮምፒውተሮች በጭነት መኪና ይመጣሉ፣ እኛ በኤሌክትሪክ ካቻቪቴ እንፈታቸዋለን። ካርዱ በአንድ ሣጥን፣ ብረቱ በሌላ፣ ሽቦው በሦስተኛው። ሲሞላ ይወስዱታል፣ ወዴት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ብዙዎቹ አልሞቱም እኮ፣ እትዬ። ሰልችተዋቸው ነው የጣሏቸው። አንዱን አንሥቼ ልልክልሽ ስንቴ አማረኝ። ስንወጣ ግን በር ላይ ይፈትሹናል፣ አንዲት ብሎን እንኳ ይዘን አንወጣም። ልጅ ሆኜ ዕቃ ስፈታ እናቴ «መፍታቱንስ ቻልክበት፣ መግጠሙን ማን ይሁንልህ?» ትለኝ ነበር። አሁን በመፍታቱ ብቻ ይከፍሉኛል።

ለዚህ ነው ጥር ላይ ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ ያነበብኩት። አምስት ዓመት ሙሉ የማውቀውን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንቺ ጠየቅሽኝ። እነረጅሙም ያከበሩኝ በአንቺ ነው።

አሁን ግን ተሸንፌያለሁ። ካርዱ ወጥቶም ከጨለመ ማዘርቦርዱ ነው፣ እሱ ደግሞ በደብዳቤ አይድንም። ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር እገዛልሻለሁ፣ አትከራከሪኝ። ከሦስት ሳምንት ጀምሮ የእሁድንም ፈረቃ ይዣለሁ። ወገቤ ትንሽ እያጉረመረመ ነው፣ ሰፊ ቀበቶ ገዝቼ አፉን ዘግቼዋለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ሙሉ ማሽን በሰው እጅ ይደርስሻል። ያዳንኩት ባይኖርም የሰጠሁት ይኑረኝ።

ብሎን


ሰኔ 11

ወንድም ዓለም፣

ዛሬ ከሰላምታው በፊት የምነግርህ አለኝ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እሱኑ አስረዝሜ እቀራለሁ።

ኮምፒውተሩ ይሠራል። ከመጋቢት 12 ጀምሮ ይሠራል።

ያዳነው የአንተ ትእዛዝ ነው፣ ያውም በመጀመሪያው ሙከራ። ሴፍ ሞድ ገባሁ፣ የካርዱን ስም አገኘሁ፣ ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው መለስኩት። አጥፍቶ አበራ። ስክሪኑ ቦግ ሲል ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። የምነግረው ሰው ፈልጌ ወደ በሩ ዞርኩ። ማንም አልነበረም። ለአንተ ልጽፍልህ ኢሜይሉን ከፈትኩ።

የሳትኩት እዚያ ላይ ነው። የላክህልኝ መልእክቶች በተራ ተደርድረው ወጡ። «ሰላም ነኝ፣ እንዴት ነሽ፣ ሥራ በዝቶብኛል።» «ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ።» የእኔም ከዚያ አይሻሉም። የስድስት ዓመት ጽሑፋችን፣ የአንተም የእኔም ተደምሮ፣ አንድ ስክሪን አልሞላም። ወደ ታች ላውርድ ብል የሚወርድ አልነበረም። ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ሁለት ደብዳቤዎችህ ደግሞ አሥራ አንድ ገጽ ናቸው። መስኮትህ ግድግዳ እንደሚያይ ያወቅሁት ይህ ማሽን ስለጨለመ ነው። «ዳነ» ብዬ ብጽፍልህ ወደዚያች አንድ ስክሪን እንደምንመለስ ታየኝ። ዘጋሁትና «እንዳሰብነው አልሆነም» ብዬ ጻፍኩልህ።

ካርዱን አውጪ ስትለኝ ምንም አላወጣሁም። «ጨለማ ነው» ያልኩህ የሾፌሩን ፎቶ በዚያው ስክሪን ላይ ከፍቼ ነው። ያች ቃል በሽታውን ከካርዱ ወደ ማዘርቦርዱ እንደምታወርደው ጽፈህልኝ ነበር፤ አዲስ ማሽን ልግዛ እንደምታሰኝህ ግን አላሰብኩም። አንተ ያልደረስክበት ችሎታ አንሶህ አይደለም። የምትሠራው እኔ በምጽፍልህ ላይ ነው፣ የጻፍኩልህ ደግሞ ውሸት ነበር። የትኛውም ሐኪም በዚህ ሊያድን አይችልም።

አንተ ስለ ሥራህ እውነቱን ጽፈህ ላክህልኝ። እኔ ያን ደብዳቤ ባላነብ እስከ መቼ እንደምቀጥል አላውቅም። ከዚያ ወገብህን አነበብኩ። እኔ ደብዳቤ እንዳይቀርብኝ ብዬ አንተ በእሁድ ቀን ታጥፈህ ብረት ትፈታለህ። ይቅር በለኝ። ፈረቃውን ይህን እንዳነበብክ ተወው። ምንም እንዳትገዛልኝ።

ለእነረጅሙ በሽተኛዋ ድናለች በላቸው። መቼ ብለው ቢጠይቁህ የምትላቸውን እኔ ልነግርህ አልችልም።

እህትህ


ሰኔ 26፣ በኢሜይል

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ኮምፒውተሩ በመሥራቱ ደስ ብሎኛል። የእሁዱን ፈረቃ ትቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቷል። ደህና ሁኚ።


ሐምሌ 21

ለወንድሜ፣

ወገብህ ይረፍልህ፣ የሚያስቆጣህም ነገር ከእኔ የመጨረሻው ይሁን።

ኢሜይልህን አግኝቼዋለሁ። ፈረቃውን በመተውህ ተመስገን ብያለሁ። «ጤና ይስጥልኝ» ሰው ለማያውቀው ሰው የሚለው ነው፤ ሳነበው ማን እንደጻፈልኝ ለማየት ወደ ላይ ተመለስኩ። ይገባኛል፣ አልተቀየምኩም። ከዚያ በኋላ በወረቀት የሆነ ነገር ይመጣ ይሆናል ብዬ ፖስታ ቤት መመላለሴን ግን አልተውኩም። መስኮቱ ጋ የምትሠራው ልጅ ጆሮዬን ስለምታውቅ ገና ከበሩ ስገባ ራሷን ትነቀንቅልኛለች። እኔም ቴምብር ልገዛ የመጣሁ አስመስዬ አንድ ገዝቼ እወጣለሁ። አሁን ቴምብር በሽ ነው።

ሾፌሩ ፎቶውን ወሰደ። ሱቁ መሐል ቆሞ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ ልጅ ማን ነው?» አለኝ።

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«እሱስ እኔ ነኝ። ምን ያስቀዋል ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። የሚያመጣው ጉዳይ አልቆበታል።

ባለፈው ሳምንት ሲስተሙ አዲስ አፕዴት አለ፣ አሁን ይሁን ወይስ በኋላ ብሎ ጠየቀኝ። «አሁን» የሚለውን ነካሁ። ምሳ አልወጣሁም። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አጠፋ፣ አበራ፣ አርማው ታየ። ሁሉም ነገር በየቦታው ነበር። ለሌላ ሰው የማልናገረው ነው፤ ከፋኝ። ዘግቼ ስወጣ በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፌ ከፈትኩት፣ ቁልፉ እንኳ አልተንገራገጨም።

ከጓደኞችህ ፊት አሳፍሬህ እንደሆነ እያሰብኩ ነው የከረምኩት። ይቅርታውን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ደግሜ ብጽፈው ለራሴ እንጂ ለአንተ አይሆንም። ከተቆጣህ ቁጣህን ጻፈው። ሰባት ገጽ ብትቆጣ ሰባቱንም አነባለሁ። ስለ መጋዘኑም ጻፍ፣ ስለዚያች ሁልጊዜ ይዘንባል ስለምትል ሴትም ጻፍ። ምንም የሚጻፍ ከሌለም ምንም የለም ብለህ ጻፍ፣ በወረቀት ይሁን ብቻ።

ልጅ ሆነህ አንድ ነገር ተበላሸ ካልተባልክ ከተኛህበት አትነሣም ነበር። እኔም በተበላሸ ነገር ጠርቼህ ለመድኩ። አሁን የምጠራህ ባዶ እጄን ነው። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ፎቶ ኮፒው ይሠራል፣ አምፖሉም ደህና ነው። ምንም የተበላሸ ነገር የለኝም።

ጻፍልኝ።

እህትህ